ደመወዝ፣ ዋጋና ሥልጣን ከዳሞታ ግርጌ

ስለ ኑሮ ውድነት ስናወራ ሁላችንም የየራሳችን ቁራጭ አለን። አዛውንቱ የ1966ቱን የታክሲ አድማ ያነሳሉ። በደርግ ዘመን ጎልማሳ የነበረው የቀበሌ ሱቅ ሰልፍን አይረሳም። በ2000 ዓ.ም. ቤት የመሠረተው የዚያን ዓመት የእህል ዋጋ ይቆጥራል፤ ዛሬ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ የወላይታ ወጣት ደግሞ መምህሩ ደመወዝ አጥቶ ክፍል ያልገባበትን ጊዜ ያስታውሳል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍሎች ናቸው።

ታሪኩን ከወላይታ ሆኖ ማየት የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ወላይታ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብዙው ገበሬ ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ይህ ገበሬ በመኸር እህል ሻጭ፣ በክረምት እህል ገዢ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲወድቅም ሲወጣም ይጎዳል። ልጁ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ሆኖ ሲቀጠር የቤቱ ገንዘብ ከወረዳው ካዝና መምጣት ይጀምራል። ገበያውና የመንግሥት በጀት እዚህ አገር አንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። በየዘመኑ የተነሳው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ዋጋ ሲወደድ መንግሥት ጉዳቱን በማን ላይ ጣለው?

ከግብር ወደ ቀን ሥራ፦ ከ1887 እስከ 1965 ዓ.ም.

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦናን ድል አድርጎ የወላይታን መንግሥት ከያዘ በኋላ ገበሬው መሬቱን ተነጥቆ ለመጡት ሹማምንትና ወታደሮች ገባር ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የገባሩ ሥርዓት በሕግ ቢቀርም መሬቱ ወደ አራሹ አልተመለሰም። ብዙው ሰው ከምርቱ ለባለርስቱ የሚያካፍል ጭሰኛ ሆኖ ቀጠለ፤ በዚህ ላይ ግብር በጥሬ ገንዘብ መከፈል ነበረበት።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከመልሶቹ አንዱ ወንጂ ነበር። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1940ዎቹ አጋማሽ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር ሸንኮራ ቆራጮቹ በብዛት የመጡት ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ነው። የወላይታ ወጣት ወራት ሠርቶ ግብር የሚከፈልበት፣ ጥጃ የሚገዛበት ገንዘብ ይዞ ይመለስ ነበር። ለብዙ ቤተሰብ ደመወዝ የሚባለው ነገር መጀመሪያ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ብሩም የተረጋጋ ነበር። በ1937 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.48 ብር ይመነዘር ነበር፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከዚያ እምብዛም አልራቀም።

በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ገንዘብ የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በሕዝቡ አጠራር ዋዱ፣ ሥራ ጀመረ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሶዶ ሆኖ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አከፋፈለ፣ መንገድ ጠረገ፣ በአበላና በበሌ ቆላዎች ሰፋሪዎችን አሰፈረ። በብዙ ረገድ የሚመሰገን ሥራ ነበር። ለዚህ ታሪክ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ የወላይታ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ የሚባለውን የለመደው በዚያን ጊዜ ነው። ይህ ዕዳ ወደፊት ደጋግሞ ይመጣል።

የየካቲት ሳምንታት፦ 1966 ዓ.ም.

በ1966 መባቻ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሳ፤ አረብ አገሮች ነዳጅ አሳነሱ፤ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ ድርብ ተተኮሰ። በወሎና በትግራይ ረሃብ ገብቶ፣ መንግሥት ሸሽጎት፣ ከውጭ በመጣ ፊልም የተጋለጠበት ጊዜም ነበር። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በተበላሸ ምግብና ውኃ ምክንያት አዛዦቹን አሰረ። ብሶቱ ስለ ምግብ ጀምሮ ወደ ደመወዝ አለፈ፤ በሌሎች ጦር ሰፈሮችም ተዛመተ።

የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ መጨመሩን በመቃወም መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። እነሱ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው፤ ከዚያ ጋር ግን የትምህርት ዘርፍ ጥናት የሚባለው ዕቅድ የድሃውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ያርቃል ብለው ተቃወሙት። ተማሪውም ወጣ። መንግሥት የቤንዚኑን ጭማሪ ቀነሰ፣ የወታደሩን ደመወዝ ከፍ አደረገ፣ የትምህርት ዕቅዱንም አዘገየ። ሁሉም የመጣው ዘግይቶ ነው። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በማግስቱ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። በዚያው በየካቲት መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ።

ልጅ እንዳልካቸው በተሾሙበት ቀን በእንግሊዝ አገር ምርጫ ይካሄድ ነበር። የወግ አጥባቂዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ደመወዝን በሕግ ገድበው ዋጋን ሊያረጋጉ ሞከሩ፤ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እምቢ ብለው አደሙ፤ ሂዝም አገር የሚገዛው ማን እንደሆነ ሕዝብ ይፍረድ ብለው ወደ ምርጫ ሄዱ። ተሸነፉ። በተከታዩ ዓመት የእንግሊዝ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ24 በመቶ አለፈ። ያ የነዳጅ ዋጋ በሁለቱም አገር መንግሥት ጥሏል፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ የሠራተኛ ማኅበራትና ፓርቲዎች በስምምነትም በአድማም ለዓመታት ሲታገሉበት ኖሩ። እዚህ ፓርቲ አልነበረም፤ የሠራተኛው ማኅበርም አቅሙ ትንሽ ነበር፤ የተደራጀው ኃይል ጦሩ ብቻ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ደርግ በደመወዝ ጥያቄ ከተነሳ ጦር የተወለደ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ኮታና የቀበሌ ሱቅ፦ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.

ለወላይታ ትልቁ ለውጥ የመጣው በየካቲት 1967 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ጭሰኛው ከባለርስቱ ነፃ ወጣ፤ ለሌላ ሲያካፍለው የኖረውን እህል ወደ ጎተራው አስገባ። ይህን የሚያጣጥል ሰው ወላይታን አያውቅም።

ነገር ግን አዲሱ መንግሥት የከተማውን ሕዝብና ጦሩን በርካሽ መመገብ ነበረበት። ደመወዝ ካልጨመረ ዋጋ እንዳይጨምር መያዝ ግድ ሆነ፤ ዋጋን ለመያዝ ደግሞ እህሉን ከገበሬው በተወሰነ ዋጋ መውሰድ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ጣለ። የኮታው ዋጋ ከገበያው እጅግ ያነሰ ነበር። በወላይታ ማሳው ጠባብ ስለሆነ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብ ገበሬ ነበር። የከተማው ሰው በበኩሉ የቀበሌ ካርዱን ይዞ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ጤፍ ለመግዛት በቀበሌ ሱቅ ይሰለፋል። ብሩ በይፋ በዶላር 2.07 ላይ እንደተቸከለ ቆየ። የደመወዝ እርከኑም አልተንቀሳቀሰም፤ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በዘመኑ መጀመሪያም በመጨረሻም 500 ብር ይቀጠር ነበር። በወረቀት ላይ የተረጋጋ ዋጋ ነው። ገበሬው ግን ያንን መረጋጋት ከጎተራው ይከፍል ነበር።

በ1977 ድርቅ ሲመጣ የወላይታ ገበሬ የተቀመጠ ነገር አልነበረውም፤ ስኳር ድንቹም አልያዘም። በሶዶና በቦዲቲ ዙሪያ ሕፃናት በምግብ እጦት አለቁ። መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ኮታውን ያነሳው በ1982 ዓ.ም. ነው። ያኔ የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቶ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር።

ብሩ ሲወርድ፦ ከ1984 እስከ 1995 ዓ.ም.

ደርግን የተካው ኢሕአዴግ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሩን ከ2.07 ወደ 5 አወረደው። የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 105 ብር ሆነ። በዓለም ባንክና በአይ.ኤም.ኤፍ. መርሐ ግብር የመንግሥት እርሻዎች ተዳከሙ፤ የአዋሽ ሸለቆ የጥጥና የሸንኮራ ሥራ ለወላይታ ወጣት እንደ ድሮው አልተከፈተም። ያ የቀን ሥራ ገንዘብ ሲነጥፍ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በረከተ፤ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ የግንባታ ሠራተኛው ከዚያ የመጣ ነው።

ወላይታ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል በነበረበት ጊዜ መንግሥት የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አቀላቅሎ ወጋጎዳ በተባለ ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ በትምህርት ቤት ሊያስገባ ሞከረ። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ተነሳች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ይህ የማንነትና የክብር ትግል ነው፤ ሊቀነስበት አይገባም። የእንጀራ ጥያቄም እንደነበረበት ግን አምናለሁ። የግል ሥራ በሌለበት አካባቢ ዞን ማለት መሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤት ማለት ደመወዝ ነው። ከዚያ ወዲህ በደቡብ የተነሳ የመዋቅር ጥያቄ ሁሉ ይህን ገጽታ ይዞ መጥቷል።

በዚሁ ዘመን ብዙም ያልተወራለት አንድ የገንዘብ አሠራር ተተከለ። የማዳበሪያ ድጎማ ከተነሳ በኋላ ባንክ ለገበሬው የሚያበድረው ክልሉ በበጀቱ ዋስ ሲሆን ነው። ገበሬው ካልከፈለ ክልሉ ይከፍላል፤ ክልሉም ከወረዳው ይቆርጣል። በ1993ና በ1994 ዝናቡ ሰምሮ በቆሎ ተትረፈረፈ፤ ዋጋው ወድቆ የማዳበሪያውን ዕዳ እንኳ የማይሸፍን ሆነ። ገበሬው በሬ ሸጦ ከፈለ። በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ ቀነሰ፣ ዝናቡም ቀረ፤ በ1995 ወላይታ እንደገና ተራበ። አካባቢው ከሩቅ ሲታይ ለምለም ነው፤ እንሰቱና ዛፉ ረሃቡን ስለሚሸፍን የዕርዳታ ሰዎች አረንጓዴ ረሃብ ይሉታል።

ስድስት ብር፦ ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም.

በየዓመቱ ዕርዳታ ከመለመን ለድሃው ቋሚ ድጋፍ ይሰጥ ተብሎ በ1997 ዓ.ም. የምግብ ዋስትናው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ዳሞት ጋሌና ሁምቦን የመሳሰሉ የወላይታ ወረዳዎች ገቡበት። ሰዉ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር፤ ማለትም 30 ብር። ስሌቱ ሲወጣ 6 ብር 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው።

ስሌቱ ሦስት ዓመት አልቆየም። በ2000 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅና የእህል ዋጋ ተሰቀለ፤ በአገር ውስጥ መንግሥትና የልማት ድርጅቶች የሚበደሩት ገንዘብ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ በደቡብ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቀረ። በሐምሌ 2000 አገራዊው ዓመታዊ የዋጋ ንረት ወደ 64 በመቶ ደረሰ። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ታሪክ ከታዩት ሁሉ የከፋው ነው። የሴፍቲኔቱ የቀን ክፍያ ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም የቀድሞውን እህል ግማሽ እንኳ በቅጡ አይገዛም ነበር። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ጎረቤቱ በእህል ሲከፈል አይቶ እህል ይሰጠኝ አለ። መንግሥትና ለጋሾች ገንዘብ ገበያን ያነቃቃል ብለው ለዓመታት ሰብከው ነበር፤ በእጁ ያለው ብር ሲቀልጥ ያየው ገበሬ ከእነሱ በላይ ኢኮኖሚ አወቀ። በዚያ ክረምት በደቡብ ወረዳዎች በምግብ እጦት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክሙ ጣቢያዎች ሞሉ።

መንግሥት እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፣ ስንዴ ከውጭ አስገብቶ ለከተማው በቅናሽ ሸጠ። የከተማው ቁጣ በምርጫ 97 ምን እንደሚያመጣ ታይቶ ስለነበር መጀመሪያ የተጠበቀው ከተማው ነው። በነሐሴ 2002 መጨረሻ ብሩ እንደገና ሲወርድ ዋጋው ዳግም ተነሳ። በታኅሣሥ 2003 መጨረሻ መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ዕቃው ከሱቅ ጠፋ፤ በወራት ውስጥ ጣሪያው ለአብዛኛው ሸቀጥ ተነሳ። የደርግን የቀበሌ ሱቅ የሚያስታውስ ሰው ውጤቱን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

የቦሎሶው ሰው በአራት ኪሎ፦ ከ2004 እስከ 2012 ዓ.ም.

በመስከረም 2005 ዓ.ም. የቦሎሶ ሶሬ ተወላጅ የሆኑት ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ሰሞን በትውልድ አካባቢያቸው ዝንጅብል ይጠፋ ነበር። አጠውላጊው የባክቴሪያ በሽታ በ2004 ገብቶ በቦሎሶ ቦምቤና በአጎራባቹ ሀደሮ ዋናውን የገንዘብ ሰብል ጠራርጎ ወሰደ፤ ለትምህርት ቤት፣ ለግብርና ለማዳበሪያ የሚሆነው ገንዘብ አብሮት ሄደ። ጠቅላይ ሚኒስትር ከአካባቢ መውጣቱ የአካባቢውን ገበያ እንደማያድን ወላይታ አየ።

በሐምሌ 2006 የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ420 ወደ 582 ብር ከፍ አለ። ጭማሪው በሬዲዮ በተነገረ ሰሞን፣ ገና እጅ ሳይገባ፣ የቤት ኪራይና የሸቀጥ ዋጋ ተነሳ። መንግሥት ነጋዴውን ወቀሰ፣ ሱቅ አሸገ። የነጋዴው ስግብግብነት እውነት ነው፤ በየዓመቱ የሚታተመው ብር ግን የነጋዴው አይደለም። መንግሥት ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ በአደባባይ ለማንሳት ዓመታት ፈጅቶበታል።

በ2008 መጨረሻ የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማና ከወላይታ ጭምር የመጡ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። መነሻ ደመወዙ በወር 650 እስከ 750 ብር ነበር፤ በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ውስጥ ዝቅተኛው ተብሎ ተመዝግቧል። አንዲት ልጅ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ከፍላ ምግብ ለመብላት ከቤተሰቧ ቆጮና በሶ ማስላክ ግድ ይላት ነበር። የውጭ ባለሀብት የሳበው ርካሽ ጉልበት በከፊል በገጠሩ ጎተራ ይደጎም ነበር ማለት ነው። በጥቅምት 2010 ብሩ በ15 በመቶ ወረደ፤ በየካቲት ኃይለማርያም ሥልጣን ለቀቁ፤ በሰኔ በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነስቶ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ተፈናቀሉ።

በታኅሣሥ 2011 የወላይታ ዞን ምክር ቤት ክልል የመሆን ጥያቄ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ነሐሴ 3 ቀን 2012 የዞኑ አመራሮችና የጥያቄው አቀንቃኞች በስብሰባ ላይ ታሰሩ፤ በሶዶና በቦዲቲ ተቃውሞ ወጥቶ በጥይት ሰዎች ተገደሉ።

ደመወዙ ሲቀር፦ ከ2013 እስከ 2018 ዓ.ም.

የሰሜኑ ጦርነት፣ ድርቁና የዩክሬን ጦርነት ተደራርበው በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱን ከ30 በመቶ በላይ አደረሱት። የማዳበሪያ ዋጋ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በፈረንጆቹ 2022 ጥቅምት በእንግሊዝ ንረቱ 11.1 በመቶ ሲደርስ ነርሶች በታሪካቸው ያላደረጉትን ሰፊ አድማ መቱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሮችም ተለዋወጡ። ከዓመት በኋላ በወላይታ የተነሳው ጥያቄ ከዚያ የሚለየው ነርሷና መምህሩ ጭማሪ አለመጠየቃቸው ነው። የሠራንበት ይከፈለን ነበር ያሉት።

ወደዚያ የደረሰው እንዲህ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። የወላይታው ውጤት በግድፈት ተሰርዞ ሰኔ 12 ተደገመ። በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶ የአስተዳደርና የፖለቲካ መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎቹ ግን አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራትን ጨምሮ በስድስት ከተሞች ተበተኑ። ከቀድሞው የደቡብ ክልል ንብረት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ተወረሰ። ያ የድሮው የማዳበሪያ ዋስትና ደግሞ አሁን ደረሰ። በውድ የተወሰደውን ማዳበሪያ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ዕዳው ከወረዳዎች በጀት ተቆረጠ፤ የወረዳ በጀት አብዛኛው ደግሞ ደመወዝ ነው። በ2016 በዞኑ የተለያዩ ወረዳዎች መምህራን ደመወዝ ለወራት ዘገየብን፣ ተቆራርጦ መጣ እያሉ አቤት አሉ፤ ትምህርት የቆመባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ገበሬው አባት ያልከፈለው ዕዳ ከመምህር ልጁ ደመወዝ ላይ ተወሰደ፤ አባትየው የሚጠብቀው ድጋፍም በዚያው ቀረ። ከዋዱ ዘመን ጀምሮ የተሳበው ገመድ ሁለቱንም አንድ ላይ አነቀ። ይህን ያመጣው ድርቅ ወይም የዩክሬን ጦርነት ብቻ ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም፤ የገበሬን ብድር በመምህር ደመወዝ ዋስ ማድረግ በሰው የተወሰነ ውሳኔ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት ብሩን ለገበያ ለቀቀ። በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። ማካካሻ ተብሎ በ2017 ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ትልቅ ጭማሪ ነው። ነገር ግን የገቢ ግብሩ እርከን በ2008 ከወጣ ወዲህ ስላልተነካ ያው ተራ ሠራተኛ 20 በመቶ የሚታሰብበት እርከን ውስጥ ገባ። ግብሩ 649 ብር፣ ጡረታው 333 ብር ተቆርጦ እጁ የሚደርሰው 3,777 ብር ገደማ ነበር። በ2017 መጨረሻ ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ በመስከረም 2018 ደግሞ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ሆነ።

ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ለበሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ይቆጥባሉ። ቁጠባው የሚጀመረው በጥቅምት ዋጋ ነው፤ በሬው የሚገዛው በቀጣዩ መስከረም ዋጋ። የመንግሥት ተቀጣሪው መካከል ላይ ጭማሪ ሊያገኝ ይችላል። በሶዶ መናኸሪያ ጭነት የሚያወርደው፣ በግንባታ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመው፣ በሰው ማሳ ላይ የሚቆፍረው ግን በእርከን ውስጥ የለም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቦርዱ አልተቋቋመም፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑም በየዓመቱ የሠራተኞች ቀን ሲደርስ ያንኑ ጥያቄ ያቀርባል።